ኦይለርና ባለ አሥር አሃዙ ቁጥር

አራት አምስት ምሳሌ ሠርቶ ደንብ ማውጣት በየክፍሉ የምናየው ልማድ ነው። ይህ ልማድ ታላላቆችንም እንዳሳሳተ ከሌዮንሃርድ ኦይለር የሕይወት ታሪክ እንማራለን።

ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1707 በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቄስ ስለነበሩ ልጃቸውም ቄስ እንዲሆን ይመኙ ነበር። የልጁ ልብ ግን ከሒሳብ ጋር ነበረ። በ1727፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ ወደ ሩሲያ ሄዶ በሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ሥራ ጀመረ።

እዚያ ሳለ አንድ ጥያቄ ቀረበለት። ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2 ተነሥተን ያገኘነውን ውጤት በራሱ እያባዛን ብንሄድ 2፣ 4፣ 16፣ 256 እና 65,536 እናገኛለን። በእያንዳንዱ ላይ 1 ስንደምር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ይሆናሉ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በስተቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ፌርማ ይህን አይቶ፣ ተከታዮቹም ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ። ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። እንዲያም ሆኖ ከ90 ዓመት በላይ ስሕተቱን ያሳየ ሰው አልተገኘም።

ስድስተኛው ቁጥር 4,294,967,297 ነው። በ1729 ጎልድባኽ የተባለ ወዳጁ ስለ ጉዳዩ በደብዳቤ ጠየቀው። ኦይለርም የፌርማን ታላቅነት እያከበረ ቁጥሩን ራሱን መረመረ። በ1732 ቁጥሩ ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ፤ ድርሻው 6,700,417 ነው።

ታዲያ 641 እንዴት ይገኛል? በየተራ እንፈትን ብንል ከ65,536 በታች 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። መች ያልቃል! ኦይለር ኋላ እንዳረጋገጠው ግን ይህን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ለ64 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይቀጥላሉ። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው በአምስተኛው ሙከራ ይደርስበታል።

ኦይለር በጎልማሳነቱ የቀኝ ዓይኑን ብርሃን አጣ። በ1741 ወደ በርሊን ሄዶ 25 ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በ1766 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ግራ ዓይኑም ደከመና ማየት ተሳነው። ሥራው ግን አልቆመም፤ እሱ በአእምሮው እያሰላ ረዳቶቹ ይጽፉለት ነበር። በ1772፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኖ፣ 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አስታወቀ። በ1783 እስከ ሞተበት ዕለት ድረስ ከሥራው አልተለየም።

በፌርማ ዝርዝር ውስጥ ከ65,537 ወዲያ እስከ ዛሬ አንድም ብቸኛ ቁጥር አልተገኘም።

ነገ ጠመኔ ይዘን ከሕፃናት ፊት እንቆማለን። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ ስድስተኛውስ ብሎ ሲጠይቅ፣ ዝም በል ከማለት አብረነው እናስላ። ለዛሬው እስቲ 641ን በ6,700,417 አባዝተን እንይ።