ሔለን ኬለር

ሔለን ኬለር በ1880 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ፣ በአላባማ ተወለደች። በ19 ወሯ በጠና ታማ ማየትም መስማትም ተሳናት። ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀሩ አን ሰሊቫን የተባለች፣ እርሷም ዓይነ ደካማ የሆነች መምህርት መጣችላት። መምህርቲቱ የልጅቷን አንድ እጅ ከሚወርድ ውሃ ሥር አድርጋ በሌላው መዳፏ ላይ የውሃን ስም በጣት ፊደል ጻፈችላት። ሔለንም ነገር ሁሉ ስም እንዳለው ያን ጊዜ ተረዳች። በ1904 ከኮሌጅ በማዕረግ ተመረቀች።

በዚያ ዘመን ብዙ ሕፃናት ሲወለዱ ከእናታቸው በሚይዛቸው የዓይን ሕመም ይታወሩ ነበር። ጥቂት የመድኃኒት ጠብታ ያድናቸው ነበር፤ ዳሩ ግን ሕመሙ ከአባለ ዘር በሽታ የሚመጣ በመሆኑ ሰው ስሙን ለማንሣት ያፍራል። ሔለን በ1907 በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ በግልጽ ጻፈችበት። በ1925 ደግሞ በላየንስ ክበቦች ጉባኤ ቀርባ አባላቱ ዕውርነትን እንዲዋጉ ለመነቻቸው። በ1968 ዐረፈች።

ልመናዋ ግን ወደ አገራችንም ደርሷል። በከፋና በሸካ፣ በኋላም በሚዛን ተፈሪ አካባቢ፣ በፈጣን ወንዞች የምትራባ ጥቁር ዝንብ ዓይን የሚያጠፋ ትል ታስተላልፋለች። ከ2001 ጀምሮ ለዚህ በሽታ መድኃኒት በነጻ ሲታደል ክበቦቹ ከረዱት መካከል ነበሩ። መድኃኒቱ የሚገድለው የትሉን እጮች እንጂ ትልቁን ትል ስላልሆነ፣ የቡናው አገር ሰው ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ መዋጥ ነበረበት።