የተዘጋ በርን ማንበብ፦ የኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወትና የጥሪ ጥያቄ

በአገራችን ወንጌላውያን አማኞች ዘንድ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ለመለየት በብዛት የሚሠራበት አንድ መመዘኛ አለ። የታሰበው ነገር ከተሳካ እግዚአብሔር በሩን እንደ ከፈተ፣ ከተሰናከለ ደግሞ ፈቃዱ እንዳልነበረ ይታመናል። መመዘኛው ለምስክርነት ይመቻል፤ የአንድን ሰው ጥሪ በታሪክ ለመመርመር ግን ምን ያህል እንደሚያገለግል አጠያያቂ ነው። በዚህ መለኪያ ቢለካ ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ የመመለስ ሐሳባቸውን በ1882፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ1886 መተው ነበረባቸው። ይህ አጭር ጽሑፍ ያልተዉበትን ምክንያት ይጠይቃል። ጸሐፊው የሚከራከረው ነገሩን ጽናት በሚለው ቃል ብቻ ማስረዳት እንደማይበቃ ነው። ኦነሲሞስ የተጠሩበትን ሕዝብና የሚሠሩበትን መንገድ ለይተው ይመለከቱ ነበር፤ የመጀመሪያው አልተለወጠም፣ ሁለተኛው ግን በየመሰናክሉ እንደ ገና ተፈልጎ የሚገኝ ነበር። (ከአንድ ቦታ በቀር በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ሂካ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። አባቱ የሞቱት ገና አራት ዓመት ሳለ ነው። በ1869 የባሪያ ነጋዴዎች አፈኑት፤ ከዚያም በስምንት ባለቤቶች እጅ አልፎ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ነጻ ያወጣው በዚያ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ሲሆን፣ ልጁ እንዲማርም ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች አስረከበው። ይህን ታሪክ የምናውቀው በዋነኛነት ኦነሲሞስ ኋላ ለሚሲዮኑ ቦርድ ከጻፉት ዘገባ መሆኑን አንባቢ ልብ ሊል ይገባል። የሚጽፉት ላስተማራቸውና ወደ ፊትም ለሚልካቸው አካል ነበር። ይህ ዘገባውን ሐሰት አያደርገውም፤ ነገር ግን የሕይወትን ክስተቶች በአንድ የጥሪ መስመር ላይ አሰካክቶ የማቅረብ ዝንባሌ ከመጀመሪያው ምንጭ ጀምሮ ሊኖር እንደሚችል ያስገነዝባል።

የሚሲዮኑ ሁኔታም ለዚህ ዝንባሌ የሚያመች ነበር። የስዊድን ሚሲዮናውያን በ1866 ምጽዋ የደረሱት፣ ከእነርሱ አስቀድሞ ለኦሮሞ ሕዝብ ወንጌልን ለማድረስ ብዙ የደከመውን የዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍን ምክር ተቀብለው ነው። ወደ መሐል አገር መግባት ግን አልቻሉም። መሄድ ያልቻሉበት ሕዝብ ልጅ በአራተኛው ዓመት እነርሱ ወዳሉበት ወደብ በባሪያ ነጋዴዎች ተነድቶ መጣ። የሚሲዮን ታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ አጋጣሚ የእግዚአብሔርን እጅ ቢያዩ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ሕፃን ማፈንና መሸጥ የመለኮታዊ ዕቅድ አንድ ምዕራፍ ተደርጎ ሲተረክ ሥነ መለኮታዊ ችግር ይፈጠራል። በዘፍጥረት መጨረሻ ላይ የሚገኘው የዮሴፍ ታሪክ የወንድሞቹን ክፋት ክፋት ማለቱን ሳይተው እግዚአብሔር ያደረገውን መልካም ነገር ለብቻው ይናገራል። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ የኦነሲሞስን ሕይወት ስንተርክም ሁለቱን ማደባለቅ አይኖርብንም።

ልጁ መጋቢት 31 ቀን 1872፣ በፋሲካ ዕለት ተጠመቀና ኦነሲሞስ ተባለ። ስሙ ጳውሎስ በፊልሞና መልእክቱ የሚማልድለት የባሪያው ስም ሲሆን፣ በግሪክ ጠቃሚ ማለት ነው። ሂካ የሚለው የትውልድ ስም ደግሞ በኦሮምኛ ከመፍታትና ከመተርጐም ጋር የተያያዘ ነው። የሁለቱ ስሞች መገናኘት ለሰባኪ የሚያጓጓ ርእስ ይሆናል፤ ለእኛ ክርክር ግን ብዙም አይጨምርም።

ወጣቱ ወደ ስዊድን ተልከው በብሮማ በሚገኘው የዮሐነሉንድ ተቋም ለአምስት ዓመታት የመምህርነትና የሚሲዮናዊነት ትምህርት ቀሰሙ። ይህ ሥልጠና ከጥሪ ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። በሉተራዊው ወግ አንድ ሰው በልቡ የሚሰማው ውስጣዊ ጥሪ ብቻውን አይበቃም፤ የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ 14ኛ አንቀጽ በሥርዓት ያልተጠራ ሰው በአደባባይ እንዳያስተምር ይደነግጋል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የምትሰጠው ውጫዊ ጥሪ ግድ ነው። ኦነሲሞስ ከስዊድን ሲመለሱ ሁለቱም ነበሯቸው፤ ሊሄዱበት የሚፈልጉት አገርና የሚልካቸው አካል አንድ ላይ ተስማምተዋል። የጎደለው መንገድ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው ከስዊድን እንደ ተመለሱና ምሕረት ኃይሉን እንዳገቡ ወዲያው ነው። ጉዞው በኢትዮጵያ መሐል አገር የነበረውን ክልከላ ለማለፍ በሱዳን በኩል ዞሮ ወለጋ ለመግባት የታቀደ ነበር። ቡድኑ በድንበሩ አጠገብ ካለችው ፋማካ አላለፈም። ኦነሲሞስ በንዳድ ታመው በሚያዝያ 1882 ካርቱም ሲደርሱ የመህዲ ዐመፅ እየተቀጣጠለ ነበር። ከዚያ ወደ ምጽዋ አቅራቢያው ወደ እምኩሉ ተመለሱ፤ በማገገም ላይ ሳሉም መተርጐም ጀመሩ። ሁለተኛው ሙከራ በ1886 እስከ እንጦጦ ደረሰ። በጊዜው ንጉሠ ሸዋ የነበሩት ምኒልክ በመልካም ቢቀበሏቸውም፣ የበላያቸው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሚሲዮናውያን እንዳይገቡ ያዘዙትን ሊጥሱ አልፈለጉም። ቡድኑ እንደ ገና ወደ ባሕር ዳርቻ ተመለሰ።

በእንጦጦ የተነሣው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ሚሲዮኑ ልኳቸዋል፤ የምድሩ ገዥ ደግሞ ከልክሏል። ውጫዊው ጥሪ ከሁለት አቅጣጫ ሁለት መልስ ሰጠ ማለት ይቻላል። ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ጳውሎስ ወደ ቢታንያ እንዳይገባ ሲከለከል አቅጣጫውን ቀይሮ መቄዶንያ ተሻገረ፤ ኦነሲሞስ ግን ሌላ ሕዝብ አልፈለጉም። ክልከላውን ጥሶ በስውር የመግባትን መንገድም አልያዙም። በእምኩሉ ተቀምጠው፣ ሰውነታቸው መድረስ ያልቻለበት ቦታ መጽሐፍ እንዲደርስ ሠሩ። የትርጕም ሥራው ከ1882 ጀምሮ የነበረ ቢሆንም የሕይወታቸው ዋና ሥራ የሆነው ከእንጦጦው ክልከላ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ እንቅፋት ታየ፤ ይህኛው የውጭ አልነበረም። ኦነሲሞስ ከወገናቸው የተለዩት በልጅነት ስለሆነ የበሰለ ሰው ኦሮምኛ አልነበራቸውም። ፈሊጡና ምሳሌያዊ አነጋገሩ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም የሚጠይቀው የቃላት ሀብትም አነሳቸው። ጥሪው የተሰጠው ሰው ለጥሪው የሚያስፈልገውን መሣሪያ ብቻውን አልያዘም ነበር። ጉድለቱን የሞላችው በ1886 ለሽያጭ ወደ ዐረቢያ ስትጫን የጣልያን የባሕር ኃይል ከጀልባ ላይ ያስጣላት ወጣት አስቴር ጋኖ ናት። በእምኩሉ ትምህርት ቤት ስትማር ኦነሲሞስ የቋንቋ ችሎታዋን ተገንዝበው ሥራ ሰጧት። አስቴር የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ በቃል የምታውቃቸውን እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች በብዛት ጻፈች። መዝገበ ቃላቱ የአዲስ ኪዳንን ትርጕም ለማረም አገለገለ። ከቃል ስብስቡ ብዙው በ1894 በወጣው የመጀመሪያው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ ቅድስት ክሪሾና ታተመ፤ ሁለቱም በግእዝ ፊደል ናቸው። በርእስ ገጹና በብዙው ትረካ ጎልቶ የሚጠራው የኦነሲሞስ ስም ነው። ይህ ፍትሐዊነትን ብቻ የሚመለከት ጉዳይ አይደለም። ጥሪን የአንድ ግለሰብ የውስጥ ጉዳይ አድርገን ስናነብ አስቴር ረዳት ትሆናለች። የሥራውን ሂደት ስናጠና ግን ያለ እርሷ የኦነሲሞስ ጥሪ ይህን መልክ ይይዝ እንደ ነበር ለመናገር አዳጋች ነው። ጸሐፊው እስከሚረዳው ድረስ፣ ስለ ጥሪ በሚሰጡት ትምህርቶቻችን በብዛት የሚዘለለው ይህ ነጥብ ነው።

መጽሐፉ በኅትመት ላይ በነበረበት ዘመን ሌሎች ወንጌላውያን፣ ገብረ ኤዎስጣቴዎስና ዳንኤል ዳባላ፣ ከኦነሲሞስ ቀድመው ወለጋ፣ ቦጂ ገብተዋል። ያ ሁሉ ዓመት የተጠበቀው በር መጀመሪያ የተከፈተው ለሌሎች ነበር። ኦነሲሞስ የገቡት በ1904 ነው፤ ከታፈኑ 35 ዓመት ሆኗቸው ነበር። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ ተቀበሏቸውና በዚያ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ተቃውሞው ለመነሣት አልዘገየም። ኦነሲሞስ የሚሰብኩት በኦሮምኛ ስለ ነበር ሕዝቡ ይሰማቸዋል፤ በአካባቢው የነበሩት የኦርቶዶክስ ካህናት ግን አብዛኞቹ ቋንቋውን አያውቁም። ካህናቱ ለመንጋቸው ተጠያቂ እንደ መሆናቸው፣ በማይሰሙት ቋንቋ የሚሰጥ ትምህርት ቢያሳስባቸው የሚገባ ነው። ኦነሲሞስ እመቤታችንን ተሳድበዋል ተብለው ተከሰሱና በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው እንዲጋዙ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን ሽረው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ ዳግም እንዳይሰብኩ ግን አዘዙ።

ከሁሉ የሚከብደው ክልከላ ይህ ይመስለኛል። በካርቱምና በእንጦጦ የተከለከሉት ወደ ሕዝባቸው መድረስን ነበር፤ አሁን በሕዝባቸው መካከል ተቀምጠው ዝም እንዲሉ ታዘዙ። አሁንም ያደረጉት ከቀድሞው ጋር አንድ ነው። ትእዛዙን አከበሩ፣ ስፍራውን አልለቀቁም፣ የተፈቀደላቸውን ማስተማር ቀጠሉ። ልጆች በራሳቸው ቋንቋ ማንበብ ሲማሩ በእጃቸው ከሚገቡት ጥቂት የኦሮምኛ መጻሕፍት ዋነኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ ስለዚህ ስብከት በተከለከለበት ዘመንም ቃሉ ይነበብ ነበር። ይህን ሆን ብለው ያቀዱት ስልት ነበር ብሎ መደምደም አይገባም። ሥራው ያደረገውን ግን ማየት ይቻላል።

ዐሥር ዓመት ያህል እንዲህ አለፈ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ የሚፈቅድ ዐዋጅ ሰጡ። ልጅ ኢያሱ ብዙም ሳይቆዩ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም፤ ኦነሲሞስ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸው በአደባባይ መስበክ ጀመሩ። ለቀሩት 15 ዓመታትም ሰበኩ። ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ በነቀምቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን በመሄድ ላይ ሳሉ ወድቀው ዐረፉ። በ1904 ከእርሳቸው ጋር ወደ ወለጋ የገባችው አስቴር ጋኖ በነጆ የማስተማር ሥራዋን ቀጠለች፤ ያረፈችው በ1964 ነው።