ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ፦ የዓይንን ውስጥ ለሐኪሞች ያሳየ ሰው

የዓይን ሐኪም መብራት ያለው መሣሪያ ይዞ ወደ ብሌንዎ ሲጠጋ የሚመረምረው የማየት አቅምዎን ብቻ አይደለም። በዓይን ጀርባ የሚገኙትን ደም ስሮችና ወደ አንጎል የሚሄደውን የዓይን ነርቭ ጫፍ ያያል። ሰውነት ሳይቀደድ ደም ስርንና ነርቭን እንዲህ በቀጥታ ማየት የሚቻለው በዓይን ነው።

ይህን መንገድ የከፈተው ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1821 በጀርመን ፖትስዳም ከተማ ተወለደ። ፊዚክስ መማር ቢፈልግም የቤተሰቡ አቅም ስላልፈቀደ በመንግሥት ወጪ ሕክምና ተማረ፤ በምላሹም የጦር ሠራዊት ሐኪም ሆኖ አገለገለ። በ1849 በኮኒግስበርግ ፕሮፌሰር ሆነ።

በዚያን ዘመን የሕያው ሰው ዓይን ውስጡ አይታይም ነበር። ወደ ዓይን የገባ ብርሃን በመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ ለማየት የሚጠጋው ሰው ጭንቅላት ግን ብርሃኑን ይጋርደዋል። ሄልምሆልትዝ በ1850 ብርሃኑን በመስታወት አንጸባርቆ ወደ ዓይን ላከና በዚያው መስታወት አሻግሮ ተመለከተ። የመጀመሪያውን መሣሪያ የሠራው ከካርቶን፣ ከሙጫና ከስስ መስታወት ነበር። ኦፍታልሞስኮፕ የሚባለው ይኸው ነው።

በመሣሪያው የተጠቀመው የበርሊኑ የዓይን ሐኪም አልብረሽት ፎን ግሬፌ በ1859 የሬቲና ደም ቧንቧ በደም ተጉዞ በመጣ ቅንጣት መዘጋቱን፣ በ1860 ደግሞ የአንጎል ዕጢ ባለባቸው ሰዎች የዓይን ነርቭ ጫፍ ማበጡን ገለጸ። ከዚያ ወዲህ የዓይን ምርመራ የአንጎልና የደም ስር ሕመም መጠቆሚያም ሆነ።

ሄልምሆልትዝ ራሱ በ1894 በ73 ዓመቱ ያረፈው በአንጎሉ ውስጥ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። በክንድ ላይ የሚታሰረው የደም ግፊት መለኪያ የተዋወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1896 ነበር። እርስዎ ግን ዛሬ ሁለቱንም ያገኛሉ።

የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎ፣ ደህና ቢያዩም እንኳ፣ ሐኪምዎ በሚወስንልዎ ጊዜ ዓይንዎን ይመርመሩ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ከተደረገልዎ እይታዎ ለጥቂት ሰዓታት ስለሚደበዝዝ መኪና አይንዱ። ምርመራው ብቻውን ስትሮክን ወይም ዕጢን አያረጋግጥም፤ ሌላ ምርመራ ሊታዘዝልዎ ይችላል። እይታዎ በድንገት ከጠፋ ግን፣ ወዲያው ቢመለስም፣ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።