እናታቸው ያስተማሯቸው ሙዚቀኛ

በዚህ እትም ታሪካቸውን የምናነሳላችሁ ሰው ስኮትላንዳዊ ወታደር ናቸው። ወታደር ለእኛ ማኅበር ምኑ ነው የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡን።

ዊሊ ሮስ በስኮትላንድ ደጋማ አገር እ.ኤ.አ. በ1878 ተወለዱ። ባግፓይፕ በከረጢት አየር ተሞልቶ፣ በክንድ እየተጨመቀ ዜማ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ይህን ሙያ በልጅነታቸው ያስተማሯቸው በተለይ እናታቸው ሜሪ ኮሊ ናቸው። ያኔ ባግፓይፕ የወንድ፣ ያውም የወታደር ሙያ ሆኖ ነበር የሚታየው። እናት ግን አሳምረው ይጫወቱ ነበር፤ የሚያውቁትንም ለልጃቸው ሰጡ። እኛ ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ያለ ደረሰኝ ምንም አንመዘግብም። የሜሪ ኮሊ የማስተማር ሰዓት ግን ደረሰኝ የለውም፤ ማዕረጉም ሽልማቱም የተጻፈው በልጃቸው ስም ነው። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨናል።

ሮስ በ1896 ስኮትስ ጋርድስ ከሚባለው የጦር ክፍል ገቡ። በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነትና በአንደኛው የዓለም ጦርነት አገልግለዋል፤ የባግፓይፕ ተጫዋቾች አለቃም ሆነዋል። ከጦርነቱ በኋላ ኤድንብራ በሚገኘው ምሽግ ውስጥ የጦሩን ሙዚቀኞች ማስተማር ጀመሩ። እስከ 1958 ድረስ፣ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ ከዚያ አልወጡም። ሲለቁ ዕድሜያቸው ሰማንያ ገደማ ነበር!

የራሳቸውን ዜማዎች ደርሰዋል፤ አምስት የዜማ መጻሕፍትም አሳትመዋል። በ1966 ሲያርፉ ደቀ መዛሙርታቸው በየክፍለ ጦሩ ሌሎችን ያስተምሩ ነበር።