የዐረቡ ሎውረንስ፦ ከቤሩት ወደብ እስከ ነፍስ አድን ጀልባዎች

የዐረቡ ሎውረንስ በመባል የሚታወቀው ቶማስ ኤድዋርድ ሎውረንስ ሲነሣ በብዙዎች ሕሊና የሚመጣው ግመልና በረሃ ነው። የመጨረሻዎቹን የሥራ ዓመታቱን ያሳለፈው ግን በባሕር ዳርቻ፣ ከፈጣን ጀልባዎችና ከሞተሮቻቸው ጋር ነበር።

ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በኦገስት 16 ቀን 1888 በዌልስ ተወለደ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ሳለ የመስቀል ጦረኞችን ምሽጎች ለማጥናት በጁላይ 1909 ቤሩት ወደብ ላይ ወረደ። በዚያ የሐሩር ወቅት ሊባኖስን፣ ፍልስጥኤምንና ሶርያን በአብዛኛው በእግሩ እየተጓዘ ከ30 በላይ ምሽጎችን ተመለከተ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ተመልሶ ከቤሩት በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው የጁበይል ከተማ ዐረብኛ አጠና። መምህርቱ ሊባኖሳዊቷ ፋሪዳ አል-ዐቅል ነበረች፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ደብዳቤ ተጻጽፈዋል።

በ1916 የመካው ሸሪፍ ሁሴን በኦቶማን መንግሥት ላይ ሲነሡ፣ ሎውረንስ የእንግሊዝ መኮንን ሆኖ ከልጃቸው ከፈይሰል ጋር ዘመተ። ዐቃባ በጁላይ 1917፣ ደማስቆም በኦክቶበር 1918 ተያዙ። ይሁን እንጂ እንግሊዝና ፈረንሳይ አካባቢውን ለመከፋፈል ቀደም ብለው በምስጢር ተዋውለው ነበር። በቤሩት የተሰቀለው የዐረቦች ሰንደቅ ዓላማም በጥቂት ቀናት ውስጥ በፈረንሳይ ግፊት ወረደ። ለዐረቦች የተገባው የነጻነት ቃል እንደማይጠበቅ ሎውረንስ ጦርነቱ ሳያበቃ ያውቅ ስለነበር፣ ኀፍረቱ ዕድሜውን ሙሉ ተከትሎታል።

በ1922 ማዕረጉንና ዝናውን ትቶ፣ ስሙን ለውጦ፣ በእንግሊዝ አየር ኃይል ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። ከ1929 ጀምሮ ያገለገለው በፕሊመዝ ከተማ አጠገብ በሚገኝ የባሕር አውሮፕላኖች ጣቢያ ነው። በፌብሩዋሪ 1931 አንድ ትልቅ አውሮፕላን በዓይኑ ፊት ባሕር ውስጥ ወድቆ በርካታ ሰዎች ሞቱ። ከነፍስ አድን ሥራው ተካፋዮች አንዱ የነበረው ሎውረንስ፣ የአየር ኃይሉ ጀልባዎች አዝጋሚ መሆናቸው ሕይወት እንደሚያስከፍል አበክሮ ማስገንዘብ ጀመረ።

ብዙም ሳይቆይ በሳውዝሃምፕተን አቅራቢያ ወደሚገኘው የሂዩበርት ስኮት ፔይን የጀልባ ኩባንያ ተላከ። የቀድሞዎቹ ጀልባዎች ውኃውን እየሰነጠቁ ሲሄዱ፣ የኩባንያው ጀልባዎች ግን ፍጥነታቸው ሲጨምር ከፍ ብለው በውኃው ገጽ ላይ ይንሸራተቱ ነበር። ባለ ሁለት ሞተሩ አዲስ ጀልባ 11 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመትና 200 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ንድፉ የኩባንያው ነው፤ ሎውረንስ ግን ጀልባዎቹን በማዕበል ፈተነ፣ ጉድለታቸውን መዘገበ፣ ነጂዎችን አሠለጠነ፣ የአጠቃቀም መመሪያቸውንም ጻፈ።

ስኮት ፔይን የአውሮፕላን ሞተር ለጀልባ እንደሚሆን በውድድር አሳይቷል። በ1933 በአንድ የኔፒየር ላየን የአውሮፕላን ሞተር የምትነዳ ጀልባውን ይዞ፣ አራት የፓካርድ ሞተሮች ከጫነችው የአሜሪካዊው ጋር ዉድ ጀልባ ጋር ተወዳደረ። ባያሸንፍም በአንድ ሞተር ያገኘው ፍጥነት ብዙዎችን አስደነቀ። በ1936 ኩባንያው ለአየር ኃይሉ 19 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው የነፍስ አድን ጀልባ ሲሠራ፣ ይኸው ሞተር ለባሕር እንዲስማማ ተደርጎ ተገጠመለት። አንዱ ሞተር 500 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ በእያንዳንዱ ጀልባ ሦስት ይገጠሙ ነበር።

ሎውረንስ ይህንን አላየም። በፌብሩዋሪ 1935 ከአየር ኃይሉ ተሰናበተ። በሜይ 13 በሞተር ብስክሌቱ ሲጓዝ ብስክሌት ከሚነዱ ሁለት ልጆች ጋር ላለመጋጨት ሲል ወድቆ ራሱን ክፉኛ ተጎዳ፤ ከስድስት ቀናት በኋላም በ46 ዓመቱ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበሩት ሂዩ ኬርንስ በኋላ ያካሄዱት ጥናት የራስ ቁር ለሞተረኞች ያለውን ጥቅም አረጋግጧል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ኃይሉ የባሕር ነፍስ አድን አገልግሎት ከ13 ሺህ በላይ ሰዎችን ከሞት አትርፏል። ሎውረንስ በበረሃ ያየው ቃል ሳይጠበቅ ቀርቷል፤ በባሕር ዳርቻ የደከመለት ሥራ ግን እርሱ ካለፈም በኋላ የብዙዎችን ሕይወት ታድጓል።