ንጉሥ ኢድሪስ አስ-ሰኑሲ፦ ጣሊያን ወደ ሊቢያ እንዳትመለስ የተደረገው ትግል

ሰይድ ሙሐመድ ኢድሪስ እ.ኤ.አ በ1889 በምሥራቅ ሊቢያ በረሃ በምትገኘው ጀግቡብ ተወለዱ። አያታቸው ሙሐመድ ኢብን ዐሊ የሰኑሲያ ጠሪቃ መሥራች ነበሩ። ጣሊያን በ1911 ሊቢያን ስትወር ሰኑሲዮች ጦር መዘዙ፤ ኢድሪስም በ1916 መሪነቱን ተረከቡ። በ1922 መጨረሻ ወደ ግብፅ ተሰደዱ። በአገር ቤት ትግሉን የቀጠሉት ሸኽ ዑመር አል-ሙኽታር በ1931 በጣሊያኖች ተሰቀሉ።

ጣሊያን በ1940 ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ኢድሪስ በካይሮ ከብሪታንያ ጋር ተስማሙ። ከስደተኛ ሊቢያውያን የተውጣጣ ጦርም ከብሪታንያ ጎን ተሰለፈ። የምዕራቡ ክፍል የትሪፖሊታኒያ መሪዎች ግን ስለ ነፃነት ዋስትና ሳይሰጥ መዋጋቱን ተቃወሙ።

ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም። የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን በጃንዋሪ 1942 ለፓርላማ የገቡት ቃል፣ የምሥራቁ ክፍል የሲሬናይካ ሰኑሲዮች ዳግም በጣሊያን ሥር እንደማይወድቁ ብቻ የሚገልጽ ነበር። ስለ ነፃነትም ሆነ ስለ ትሪፖሊታኒያ ምንም አላለም።

በ1943 መጀመሪያ የጣሊያንና የጀርመን ጦር ከሊቢያ ተባረረ። ሲሬናይካና ትሪፖሊታኒያ በብሪታንያ፣ ፌዛን በፈረንሳይ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ሆኑ። በ1949 የብሪታንያው ቤቪንና የጣሊያኑ ስፎርዛ በተስማሙበት ዕቅድ ሲሬናይካ ለብሪታንያ፣ ፌዛን ለፈረንሳይ፣ ትሪፖሊታኒያ ደግሞ ለዚያችው ለጣሊያን በሞግዚትነት ሊሰጡ ታሰበ። ኤርትራን በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል የመክፈሉ ሐሳብም የዚሁ ዕቅድ አካል ነበር።

የትሪፖሊ ሕዝብ ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ። በሜይ ወር በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ሲሰጥ የጣሊያን ሞግዚትነት የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በአንድ ድምፅ አጣ። የሄይቲው ተወካይ ኤሚል ሴን-ሎ ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ። ዕቅዱም በዚያው ፈረሰ።

ጉባኤው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሊቢያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1952 በፊት ነፃ እንድትሆን ወሰነ። ዲሴምበር 24 ቀን 1951 ኢድሪስ ሦስቱን ክፍሎች ያቀፈችው አገር ንጉሥ ሆነው ነፃነቷን አወጁ።

በኋላ ለብሪታንያና ለአሜሪካ የጦር ሰፈር መፍቀዳቸው ብዙ አስወቀሳቸው። በ1969 በሙዐመር ጋዳፊ የተመሩ መኮንኖች ከሥልጣን አወረዷቸው። በ1983 በካይሮ አረፉ፤ በመዲና በሚገኘው አል-በቂዕ መቃብር ተቀበሩ።

የኤደን ቃል ለምሥራቁ ክፍል ጋሻ ሆኗል፤ ትሪፖሊን ግን ያዳናት የሕዝቧ ጩኸትና በኒውዮርክ የጎደለችው አንዲት ድምፅ ናት።