ከጅማ የተነሱት ይድነቃቸው እና ሜዳ ያጣው ቡድናችን

ባለፈው ሰሞን አወቱ መንደራ ከሰፈር ልጆች ጋር ቡና እየጠጣን አንድ ጥያቄ ጣልኩ። ከጅማ ከወጡ የኳስ ሰዎች ትልቁ ማን ነው? ወዲያው ጭቅጭቅ ተነሳ። ገሚሱ በ2010 ዓ.ም ለጅማ አባ ጅፋር ዋንጫ ያመጡትን ተጫዋቾች ጠራ፣ ሌላው ደግሞ የሰፈሩን ጎበዝ አጥቂ። ይድነቃቸው ተሰማን ያነሳ ግን አንድም ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ ጅማ መወለዳቸውን አላውቅም ነበር። ስለዚህ ዛሬ የእሳቸውን ነገር ላውራችሁ።

ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም፣ ልክ በእንቁጣጣሽ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑት፣ በግጥማቸው የሚታወቁት ተሰማ ማለት ነው። ነጋድራስ የነጋዴ አለቃ፣ የገበያና የቀረጥ ሹም ነበር። ልጅየው ግን ልባቸው ወደ ኳስ ሄደ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ ማሊያውን ለበሱ፣ ከ20 ዓመት በላይም አላወለቁትም። ክለቡ በተመሠረተ በወራት ውስጥ ግን ጣሊያን ከተማዋን ያዘ። ፋሺስቶቹ ኳሱንም በዘር ከፋፈሉት። ሐበሻው ለብቻው፣ ነጩ ለብቻው ሆነ። የክለቡም ስም እንዲቀየር ተደረገ። ይድነቃቸው ጉርምስናቸውን ያሳለፉት እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ይህን ሳስብ የኋላ ታሪካቸው ይበልጥ ይገባኛል።

የኋላው ታሪክ ደግሞ ይኸው። በ1949 ዓ.ም ካርቱም ላይ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሆነው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ዛሬ ካፍ የምንለውን ሲመሠርቱ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ስላለች ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች። ያኔ ማኅበሩ አራት አገር ብቻ ነው ያለው። ከአራቱ አንዱን ማስወጣት ቀልድ አይደለም። ይድነቃቸው ግን በዚህ አቋም እስከ መጨረሻው ጸኑ፤ ፊፋም በስተመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1976 ደቡብ አፍሪካን አባረረ።

አሁን ወደ ስታዲየሙ እንምጣ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም፣ ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ፣ አዲስ አበባ። ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል የነበረው ስታዲየም ውስጥ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። የቡድናችን አሰልጣኝ ይድነቃቸው ናቸው። ተጋጣሚያችን ግብፅ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደች አገር ናት። ሁለት ጊዜ መሩን፣ ሁለት ጊዜ አቻ አደረግን። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ ጨመሩና 4 ለ 2 አለቀ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ ተቀበለ። እስከ ዛሬ ያለን የአፍሪካ ዋንጫ ያ አንዱ ብቻ ነው።

ይድነቃቸው ከሜዳ ውጭ የሠሩት ደግሞ ከዚህ አያንስም። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በድምሩ አንድ ቦታ ብቻ ሰጠ። 16 ቡድን በሚሳተፍበት ውድድር ማለት ነው! የአፍሪካ አገሮች ተያይዘው ከማጣሪያው ወጡ። ያንን እምቢታ ከመሩት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ለ1970ው ውድድር አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች። ዛሬ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታ አላት። በ1964 ዓ.ም የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው 15 ዓመት መሩ። ገንዘብ በሚያስፈልግበት ጊዜ እንኳ የሲጋራና የአልኮል ማስታወቂያ በአፍሪካ ኳስ ውስጥ እንዳይገባ ይከራከሩ ነበር።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ በጣም የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ አገር በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከአህጉሩ ውጭ የሚጫወቱ ከሁለት በላይ ተጫዋቾች እንዳያሰልፍ የሚከለክል ደንብ ለዓመታት ነበር። ይድነቃቸው የዚህ ሐሳብ ጠበቃ ነበሩ። የጅማ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ቡናችንን ጥሬውን ሸጠን ተቆልቶና ታሽጎ በሌላ ስም ሲመለስ እናየዋለን። እሳቸውም የፈሩት ልጆቻችን እንደ ጥሬ ቡና ተጭነው እንዳይሄዱ ነው። በእርግጥ ደንቡ ትክክል ነበር ለማለት ይከብደኛል። ተጫዋቹም እኮ የተሻለ ደሞዝ የማግኘት መብት አለው፤ በኋላም ቀርቷል። ጥያቄያቸው ግን ዛሬም አልተመለሰም። ኳሱ የሚያመጣው ገንዘብ የሚቀረው የት ነው?

ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ስታዲየም ሂዱ። አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት ዋንጫ ሲያነሳ፣ ያውም የይድነቃቸውን ክለብ ቅዱስ ጊዮርጊስን ቀድሞ፣ የጨዋታ ቀን ጅማ ሌላ ከተማ ነበረች። ባጃጁ ሰው ይጭናል፣ ቆሎ ሻጩ ይሮጣል፣ ጀበናዋ አትበርድም። ማሊያ የሚሸጠው ልጅ ያገኘውን ብር ማታ ምግብ ቤት ያጠፋዋል፣ ምግብ ቤቷ በማግሥቱ ገበያ ትወጣበታለች። ቡድኑ በ2014 ዓ.ም ከሊጉ ሲወርድ የተጎዳው ተጫዋቹ ብቻ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ብሔራዊ ቡድናችንም ሜዳ አጣ። አንድም ስታዲየማችን የካፍን መስፈርት አላሟላም ተባለ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን፤ ጨዋታው ግን ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ውስጥ ነው። እኔ በስልኬ ነው ያየሁት። ጎሉ ሲገባ ብድግ ብዬ ጮህኩ፣ ከዚያ ደግሞ ቅር አለኝ። ሻዩም፣ ትኬቱም፣ የታክሲውም ብር እዚያው ቀረ።

ይድነቃቸው ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም፣ በቡሄ ዕለት ነው። የአፍሪካን ኳስ ቤት ካቆሙት አንዱ የሆኑት ሰው አገር፣ እንግዳ የምትቀበልበት ሜዳ አጥታ ለዓመታት በሰው አገር ስትጫወት ቆየች። ኢትዮጵያ ሦስት ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫን አስተናግዳለች፣ ሦስቱም በእሳቸው ዘመን ነው። እሳቸው ለአፍሪካ ቦታ ሲጠይቁ መጀመሪያ የነበራቸው አንድ እምቢታ ብቻ ነበር። እኛ ደግሞ የምንጠይቀው ደህና ሣር፣ መብራትና መልበሻ ክፍል ነው።

በሚቀጥለው ቡና ላይ ጥያቄውን ደግሜ እጠይቃለሁ። ቢያንስ አንድ ሰው ስማቸውን ይጠራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።